ካሊፐር የያዘ አማች

የሰው ልጅ መለኪያ እጁ ከገባ ጆሮው ሥራ ያቆማል። አትቆጡኝ፤ ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ልብስ ሰፊ "ጠበበኝ" ሲሉት ሰምቶ ያውቃል? የደም ግፊት መለኪያ የገዛ ጎረቤት ካላችሁማ እኔ ምን ልንገራችሁ... እናንተ "ደህና ነኝ" እያላችሁ እሱ ያስተኛችኋል። እኔም ባለፈው ሰሞን ለሦስት ቀን ያህል እንደዚህ አድርጎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገሱባ ያሉት አማቴ፣ አቶ ጎበዜ፣ የቤታቸው ጣሪያ ዝጎ ዝጎ ወንፊት ሆነ። ክረምቱ ሳይገባ ይቀየር ተባለና ልጆቻቸው አዋጡ። "ቆርቆሮውን ማን ይግዛ?" ሲባል ባለቤቴ አስቴር "ሶዶ ያለነው እኛ ነን" ብላ እኔን አቀረበችኝ። ልብ በሉ፣ በዚያ ቤተሰብ በአሥር ዓመት ትዳር አንድም ቁም ነገር ተሰጥቶኝ አያውቅም። በግ እንኳ ስገዛ ሰው ይጨመርልኛል። የመጀመሪያ ፈተናዬ ይህ ነበር፤ ብወድቅ ደግሜ የምቀመጥ አይመስለኝም።

የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ነው የሚጠራው። ጌጅ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል። ሃያ ስምንት ወፍራም፣ ሠላሳ አምስት ስስ። ይህን ያወጣውን ሰው ባገኘው... ተዉት። ሰዉ ግን ይህን ሁሉ አይጨነቅም፤ በጥፍሩ ቋ አድርጎ ይመታና ድምፁን ሰምቶ ይገዛል። እኔ የተማርኩ ሰው በጥፍር ልግዛ? ቴክኒክ ኮሌጅ ከሚያስተምር ጎረቤቴ ዲጂታል ካሊፐር ተዋስኩ። ሁለት መንጋጋ አለው፤ ብረቱን ነከስ ያደርግና ውፍረቱን በሚሊሜትር ትንሿ ስክሪኑ ላይ ያወጣል። ሁለት ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ ያልለካሁት የለም። የድስት ክዳን፣ የበር ማጠፊያ፣ ማንኪያ... አስቴር "የጣቴን ቀለበት ደግሞ እንዳትለካ" አለችኝ። ለክቼው ነበር።

ሶዶ ገበያ ወረድኩ። አንዱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከባለ ሃያ ስምንቱ አንዱ ለናሙና ተደግፎ ቆሟል። ነከስኩት፤ ዜሮ ነጥብ አራት። ወደ ውስጥ ገባሁና ታስሮ የተከመረውን ባለ ሠላሳ አምስቱን ከጠርዙ ነከስኩት፤ እሱም ዜሮ ነጥብ አራት! አንድ ቆርቆሮ በሁለት ስም፣ በሁለት ዋጋ! ደሜ ፈላ። ደግሞም ደስ አለኝ፤ ያልተያዘ ሌባ የያዝኩ መስሎኝ።

"ይኼኛውን እወስዳለሁ" አልኳት ባለሱቋን፣ ርካሹን ክምር እያሳየሁ።

"ለአጥር ነው ጋሼ?"

"ለጣሪያ።"

"ለጣሪያ አይሆንም እኮ። ስስ ናት።"

"ስስ አይደለም።"

"ጋሼ፣ የምሸጠው እኔ ነኝ። ስስ ናት እያልኩዎት።"

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ነጋዴ የገዛ ዕቃውን ሲያጣጥል ምን ትላላችሁ? ውዱን ልታሸክመኝ ነው አልኩ። ካሊፐሩን ፊቷ ደቀንኩት። ቁጥሩን አየች፣ ቆርቆሮውን አየች፣ እኔን አየች።

"እሺ፣ ጫኑላቸው" አለች።

አይሱዙው እያንገጫገጨ እኔንና አስቴርን ከነጭነቱ ገሱባ አደረሰን። ካሊፐሩን እንደ እስክሪቢቶ ደረት ኪሴ ላይ ሰክቼዋለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሳይቀሩ፣ ለሥራው ተሰብስቧል። አሮጌው ጣሪያ ተነቅሎ አልቆ ቤቱ ሰማይ ያያል። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል።

አቶ ጎበዜ የወረደውን ቆርቆሮ በጥፍራቸው መቱና ጆሯቸውን ጠጋ አደረጉ።

"ልጄ፣ ይኼ ለጣሪያ ነው?"

"ዜሮ ነጥብ አራት ነው አባባ። በመሣሪያ ነው የተለካው።"

ለማሳየት ካሊፐሩን መዠረጥ አደረግኩ። አናጢው ከተፈታው እስር አንዱን ቆርቆሮ ለብቻው ያዘልኝ፤ ነከስኩት። ዜሮ ነጥብ ሁለት። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ደግሜ ነከስኩ። ዜሮ ነጥብ ሁለት።

"ባትሪው ደክሞ ነው" አልኩ።

አናጢው ካልተፈታው እስር ጠርዝ ላይ አንዱን በአውራ ጣቱ ፈልቀቅ አደረገ። አንድ የመሰለኝ ቆርቆሮ ሁለት ሆነ።

"አዲስ ሲሆን ዘይት አላት፣ ትጣበቃለች" አለኝ ቀስ ብሎ። "ሁለቱን አንድ ላይ ለክተህ ነው።"

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው እኔን ያያል፤ አስቴር ብቻ መሬት መሬቱን ታያለች። እንዳይሠራ፣ ቆርቆሮው የመጀመሪያውን በረዶ አይችልም። እንዳይተው፣ ዝናቡ ደርሷል፣ ቤቱም ክፍት ነው። ካሊፐሩን ኪሴ ልመልሰው ብል ኪሱን አጣሁት።

አቶ ጎበዜ ደመናውን አዩ፣ ክምሩን አዩ።

"እንደለካው ምቱት" አሉ።

"እንዴት አድርገን?" አለ አናጢው።

"ሁለት ሁለቱን ደርባችሁ። አማቼ ዜሮ ነጥብ አራት ነው ካለ፣ ዜሮ ነጥብ አራት ይሁን።"

ሳቁ ገሱባን አዳረሰ። ሳቅ ግን እጅ አያስርም፤ እየተሳቀ ተደርቦ ተመታ። ዝናቡ ሲጥል በአማቴ ሳሎንና መኝታ ቤት አንዲት ጠብታ አልገባችም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመንደሩ እንደዚያ ያለ ወፍራም ጣሪያ የለም።

ችግሩ፣ የተደረበ ቆርቆሮ የሚሸፍነው ግማሽ ቤት ነው። ያለቀውም ልክ የእንግዳ ክፍሉ ላይ ሲደርስ ነው። "እሱ ክፍል አማቼ ባለ ሃያ ስምንት ገዝቶ እስኪያመጣ በሸራ ይቆይ" ብለው አቶ ጎበዜ ፈረዱ። በዚያ ክፍል የሚያድር እንግዳ ደግሞ ከሶዶ የሚመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው። የሸራውን ውፍረት ከጠየቃችሁኝ ያለ ካሊፐር እነግራችኋለሁ... ሥሩ አድሬበታለሁ።