ከቅድሙ ተጠግቻለሁ

የኮምፒውተር ማውስ የት እንዳለ የሚያውቅ ይመስላችኋል? አያውቅም። ኮምፒውተሩ «አዲስ ነገር አለ?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቀዋል፤ በማውሱ ሆድ ያለችው ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ትንሽ መቆጣጠሪያም «ከቅድሙ ይህን ያህል ወደ ቀኝ ሄጃለሁ» ብላ ትመልሳለች። የት እንዳለች ግን እሷም አታውቅም። እየደመረ ቀስቱን በስክሪኑ ላይ የሚያስቀምጠው ኮምፒውተሩ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ጎንደር ውስጥ ስንት አለ መሰላችሁ! አንዱ የፒያሳው ጨርቅ ነጋዴ፣ ወዳጄ ከድር ነው። አንድ ቀን ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ወለቃ ሄደን ከልጅቷ አባት ደጅ ቆመናል። ነገ ሌላ ጠያቂ እንደሚመጣ ስለሰማን የልጁ ዕድል በዚያች ቀን ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ሽማግሌ መጀመሪያ እምቢ መባሉ ልማድ ነው፤ ያንን እምቢታ የሚያለዝበው ዋናው ሽማግሌ ከድር ስለሆነ ግን ያለ እሱ አፍ መክፈት አይቻልም። ደወልኩ።

«ከድር፣ የት ደረስክ?»

«ተጠግቻለሁ።»

«ከየት?»

«ከቅድሙ ነዋ!»

ደጋግሜ ደወልኩ፤ ሁልጊዜም ተጠግቷል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከበሩ ኋላ ሆነው ሲሰሙን የቆዩት የልጅቷ አባት አያ ሰይድ ብቅ አሉ።

«ለሽማግሌያችሁ ንገሩልኝ፤ እኛም ልጃችንን ለመስጠት ተጠግተናል።»

«ከየት፣ አያ ሰይድ?» አልኩ ደንግጬ።

«ከእምቢታው ነዋ! ግቡ እንጂ፣ ምነው ደጅ ቆማችሁ?»