የሐጂ ሸምሱ ጌም ኮምፒውተር ሊሆን ሲል

መርካቶ ውስጥ አንድ ዕቃ የተፈጠረበትን ሥራ ሲሠራ ካያችሁት ገና ከመኪና መውረዱ ነው። ትንሽ ይቆይ እንጂ ሥራ መለወጡ አይቀርም። የዘይት በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማው ጫማ ይሆናል፣ የአይሱዙው ባሌስትራ ቢላ ሆኖ ሥጋ ይቆርጣል። ሰፈሩም ያው ነው፤ ጭድ ተራ የሚለውን ስም አምናችሁ ጭድ ፍለጋ ብትሄዱ ሌላ ነገር አሸክመው ይመልሷችኋል። እኔ ራሴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ልሆን ተምሬ ይኸው ክርና የልብስ ቁልፍ እሸጣለሁ፤ ቅሬታም የለኝም። ስለዚህ አንድ የእጅ ጌም፣ ያው ልጆች አቀርቅረው የሚጫወቱበት ማለቴ ነው፣ ኮምፒውተር ሊሆን ነው ሲባል ተራችን ውስጥ ማንንም አልደነቀውም። ያስደነቀን ባለቤቱ ነበሩ።

ባለቤቱ ሐጂ ሸምሱ ናቸው። ከሱቄ ፊት ለፊት ገበርና ዚፕ በጅምላ የሚሸጡ፣ ጨርቅ በጣታቸው ዳሰው ከየት እንደመጣ የሚነግሯችሁ፣ ሻይ ሲጠጡ ማንም እንዲያናግራቸው የማይፈልጉ ሰው ናቸው። በዚያ ሰሞን ልጆቻቸው መከሩና አባታችን ደክመዋል፣ ቤት ይቀመጡ አሉ። ደክመው አልነበረም። ግን ልጆች አባታቸውን ሊያሳርፉ አንዴ ከተነሱ አባትየው ምን ያህል ጉልበት እንዳላቸው ማስረዳት ራሱ ያደክማል። ሱቁን ልጃቸው ፉአድ ተረከበ። ዱባይ ያለችው ነጃት ደግሞ አባቷ ቤት ሲውሉ እንዳይሰለቻቸው ብላ ጌሙን ላከችላቸው። ሐጂ አመሰገኑ፣ ከነላስቲኩ ሳሎን ቡፌ ውስጥ አስቀመጡት፣ በማግስቱም ሱቅ መጡ።

ይህ መምጣትና «ዛሬ ደግሞ ለምን መጡ» መባል ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ፉአድ አንድ ቀን ሁላችንም ባለንበት ተናገረ። «አባባ፣ ዘመኑ የኮምፒውተር ነው። የስቶኩ ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ሊገባ ነው። እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ምን ይሠራሉ?»

«ኮምፒውተር ባውቅስ?» አሉ ሐጂ።

ፉአድ ሳቀ። «ካወቁማ ወንበርዎ የእርስዎ ነው።»

ይህን ያለው እንደ ቀልድ ነው። ነገር ግን መርካቶ ውስጥ ሰው ፊት የተባለ ነገር ቀልድ አይሆንም፤ እኛ ሁላችን ምስክሮች ሆነናል። ሐጂም የዚያኑ ዕለት ጌሙን ከቡፌ አውጥተው፣ ኮምፒውተር ይወጣው እንደሆነ ሊጠይቁ ብሩክ ዘንድ ይዘውት መጡ።

ብሩክ ማለት ተራችን ጫፍ ላይ ሞባይልና ጌም የሚጠግን፣ ትንሿን ካቻቢቴ እንደ ሲጋራ ከከንፈሩ የማይነጥል ወጣት ነው። ላስቲኩን ቀደደ፣ አገላብጦ አየና ውስጡ ያለው ነገር ኮምፒውተር መሆኑን፣ ፋብሪካው ግን ከጌም ሌላ እንዳይሠራ አድርጎ እንደዘጋው፣ ሌላ ሲስተም ቢጫንበት እንደሚጽፍ፣ እንደሚደምር፣ መጽሐፍም እንደሚከፍት አስረዳቸው።

«ይችላል ግን አትሥራ ተብሏል ነው የምትለኝ?» አሉ ሐጂ።

«እንደሱ ነው።»

«እንዲህማ አይደረግም። ክፈትለት እንጂ ልጄ።»

ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ብስጭት ስለ ጌሙ ብቻ እንዳልነበረ ለመረዳት ጂኦግራፊ መማር አያስፈልግም። እኔም በልቤ ክፈትለት አልኩ።

ችግሩ ባትሪው ነበር። ሐጂ ዕቃው እንዳይቆሽሽ ብለው ላስቲኩን ሳይቀድዱ፣ አንድም ቀን ሳይሞሉት አስቀምጠውት ስለነበር ባትሪው እዚያው ቡፌ ውስጥ ሞቷል። እኛ ዘንድ አዲስ ዕቃ ላስቲኩ አይቀደድም፤ እኔም ቤቴ ያለው ሪሞት ዛሬም ከነላስቲኩ ነው፣ ልታሙኝ አትችሉም፣ የእናንተንም አውቃለሁ። እናም ብሩክ ሥራውን ባትሪ ሳይኖር በገመድ ብቻ ሊሠራው ሆነ። «ሲጫን መሐል ላይ መብራት ከጠፋ አለቀ» አለ። «አሮጌው ጠፍቷል፣ አዲሱ አልገባም። ከዚያ በኋላ መነሳቱን እንጃ።»

መብራት በፈረቃ በሆነበት ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራችሁ አስቡት። የፈረቃ ተራችን የሆነበት ቀን ተመረጠ። ሐሙስ ነበር፣ ከምሳ በፊት። ከበርበሬ በረንዳ የሚመጣው ንፋስ ያስነጥሰን ስለነበር ብሩክ ዕቃው ላይ ማንም እንዳያስነጥስ አስጠነቀቀ። እኔ ሱቄን ለጎረቤቴ ለጃንጥላ ሻጩ አደራ ብዬ ሄድኩ። ብሩክ ሱቅ ስደርስ ጃንጥላ ሻጩ ከእኔ ቀድሞ እዚያ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ እትዬ አበባ መርፌያቸውን ትተው መጥተዋል። ፉአድም ነገሩ ሲከሽፍ ለማየት ይሁን ሲሳካ አላውቅም፣ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። አንድ ደላላ የሚሸጥ ነገር ያለ መስሎት መሐላችን ገብቶ ዋጋ ይጠይቅ ነበር። በአጭሩ ተራው በሙሉ ብሩክ ሱቅ ውስጥና በረንዳው ላይ ነበር።

ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ። ሁላችንም አሚን አልን፤ እትዬ አበባ ለጥንቃቄ በተክለ ሃይማኖትም ለመኑ። ብሩክ አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ ጠቆረና ከታች ቀጭን አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ። እስከዛሬ ብዙ ኳስ አይቻለሁ፤ እንደዚያ መስመር ግን ትንፋሼን ያስያዘኝ የለም። ሩብ ሆነ። ግማሽ ሆነ። ሐጂ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ደላላው ዋጋ መጠየቁን ትቷል። ግማሹን አልፎ ዳር ሊደርስ ሲል ጨለመ።

አምፖሉም ጠፋ፣ የብሩክ ማራገቢያም ቆመ፣ መስመሩም የለም። መብራት የሚያጠፉትን ሰዎች፣ የወለዷቸውን፣ ያስተማሯቸውን፣ የቀጠሯቸውን በየተራ አነሳን። እርግማኑ እየደራ ሳለ እትዬ አበባ «ቆይ፣ ከጀርባ ያለው ሻይ ቤት ቴፑ ይዘፍናል'ኮ» አሉ። እውነትም ይዘፍናል። መብራቱ የጠፋው እኛ ዘንድ ብቻ ነው።

ወዲያው የተራችን ዘበኛ ጋሽ አያሌው ዱላቸውን ይዘው፣ ሥራውን በሚገባ እንደጨረሰ ሰው ረጋ ብለው መጡ። «ሱቁን ሁሉ ከፍታችሁ ጥላችሁ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አሉን። «ባዶ መሆኑን አይቼ ቆጣሪውን አጠፋሁት።»

እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የተራችን ሱቆች ቆርቆሮና እንጨት ናቸው፣ ቆጣሪያቸው አንድ ነው፣ ውስጣቸው ያለው ደግሞ ክርና ጨርቅ ነው። እሳት ምን እንደሚያደርግ ለእኛ ነጋሪ አያሻንም። ስለዚህ ለጁምዓ ይሁን ለምሳ፣ ሰው ወጥቶ ተራው ባዶ ከሆነ ዘበኛው ቆጣሪውን ያጥፋ ብለን ራሳችን ደንብ አውጥተናል፤ ጋሽ አያሌውን ባላጠፉበት ቀን ወቅሰናቸዋል። ሰውየው ያዘዝናቸውን ሠሩ። ለማሽኑ ደኅንነት ልንቆም መጥተን ማሽኑን የገደልነው እኛው ነን።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ግምገማ ሳይቀመጡ ማለፍ አይቻልም ነበርና እዚያው በጨለማው ተቀመጥን። ሁሉም ሌላውን ገመገመ፣ ራሱን የገመገመ አልነበረም። ጋሽ አያሌው እንዲናገሩ ሲጠየቁ «ደንቡን ያወጣችሁት እናንተ፣ ያጠፋሁት እኔ። እንግዲህ ከፈለጋችሁ ከዛሬ ጀምሮ ይቃጠል» አሉና ጉባኤውን በተኑት። ሐጂ ግን የተቀደደውን ላስቲክ ከወለሉ አንስተው ዕቃውን መልሰው ጠቀለሉት፣ ለብሩክ ትተውለትም ወጡ። በሱቃቸው ሲያልፉ ወንበራቸውን አላዩትም። አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ አልመጡም። ጁምዓ ነው ብለን ተጽናናን። ቅዳሜም አልመጡም። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ብሩክ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ሐጂ፣ በደህና?» አልኳቸው።

«ዕቃዬ ጥገና ላይ አይደል?» አሉኝ። «ልጄ ከዱባይ የላከችልኝን ዕቃ ለሰው ጥዬ ቤቴ ልተኛ?»

ለካ እሑድ ነጃት ደውላ ጌሙን ወደዱት ወይ ብላቸዋለች። ወድጄው ነበር፣ ተበላሸ አሏት። ልጅቷ የተበላሸ ዕቃ የላከች መስሏት አለቀሰች፤ አባባ፣ እባክዎ ሄደው ይከታተሉት፣ ሳያዩ እንዳይተዉት ብላ ለመነቻቸው። ቤት ያስቀመጠቻቸው ራሷ መርካቶ ላከቻቸው። ፉአድ የእህቱን ቃል ሰምቷል፤ ምን ይበል?

ሐጂ መከታተል ጀመሩ። ጠዋት ይመጣሉ፣ እስከ ዙሁር ይከታተላሉ፣ ሰግደው ተመልሰው ይከታተላሉ። ከብሩክ በረንዳ ሱቃቸው ወለል ብሎ ይታያል። ደንበኛ ፉአድን ዋጋ ጠይቆ ዘወር ሲል ሐጂን ያይና ሰላምታ ያቀርባል፤ እሳቸውም ከዚያው ሆነው «ጥቁሩን ገበር አሳየው፣ ከታች ያለውን» ይላሉ። ፉአድ መጀመሪያ ተነጫነጨ። ኋላ ጨርቅ ሲገባ ናሙናውን ራሱ እየያዘ እየሄደ ያስዳስሳቸው ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ አባቱ ቆመው መዋላቸውን አይቶ ወንበራቸውን ተሸክሞ ብሩክ በር ላይ አኖረላቸው። እኔ ምስክር ነኝ፣ ወንበርዎ የእርስዎ ነው ብሎ ነበር።

የማታውቁት ነገር እንዳይቀር፣ እሱንም ልንገራችሁ። ብሩክ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ከሆነ ቦታ ባትሪ ፈልጎ፣ ታግሎ ዕቃውን አስነሳው። እኔ ከሐጂ ጎን ቆሜ ነበር። ስክሪኑ በራ፣ ጽሑፍ መጣ፣ ብሩክ ሲነካው ደመረ፣ ቀነሰ፣ የሐጂን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈ። ሐጂ በሌባ ጣታቸው አንዴ ነካ አደረጉትና «ማሻአላህ» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያ ግን ሱቃቸውን አዩ፣ ወንበራቸውን አዩ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ዝጋው።»

«ሐጂ፣ አልቋል'ኮ፣ ይውሰዱት።»

«ማን አለቀ አለህ? ዕቃ ሲጠገን አይቸኮልም። መሳቢያህ ውስጥ መልሰው።»

ብሩክ እኔን አየኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። በዚያው ሳምንት ነጃት ደውላ አዲስ ልላክልዎ ስትላቸው ስልኩን ይዘው ሲደነግጡ አይቻቸዋለሁ። «አይ ልጄ፣ ምን በወጣሽ» አሏት። «ይኸው ይበቃኛል። ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።»

ወደ ተራችን ብቅ ካላችሁ ብሩክ በር ላይ ወንበራቸው ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ዕቃው እንዴት ሆነ ብላችሁ ጠይቋቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ትንሽ ቀርቶታል ይሏችኋል።