ችካልና የጎረቤት ሐቅ

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። እጅ ጽሑፌ ዝናብ የበተነው የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል። ከሦስቱ «ሀ»ዎች የትኛው የት እንደሚገባም ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ አልለየልኝም፤ ትምህርቴም እዚያው ላይ ቆሟል። ቢሆንም ሰው ፊት ከምናገር መጻፍ ይቀለኛል። ወረቀት አፍጥጦ አያይም።

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መንግሥት አንድን የተረሳ ሰፈር ሊያለማ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያመጣው ድንጋይ አይደለም፤ ሲሚንቶም አይደለም። ችካል ነው። ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል። ችካል ከተተከለ በኋላ ሰፈርተኛው ሁለት ይሆናል ይላሉ፦ ችካሉን የሚገፋና የሚገፋበት። እንዲህ የሚሉት ግን የእኛን ሰፈር የማያውቁ ናቸው።

ሰፈራችን ከሚሴ ውስጥ፣ ከአስፓልቱ ጀርባ ነው። በአስፓልቱ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ከተማውን ያያል፤ እኛን ግን አያየንም። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ባጃጆች አስፓልቱ ዳር ያወርዱንና «ከዚህ ወዲያ አላህ ያውቃል» ብለው ይመለሳሉ። አንዴ ምጥ የያዛትን ጎረቤታችንን በቃሬዛ ይዘው ሲወጡ ልጁ አስፓልቱ ሳይደርሱ ተወለደ። ዛሬ ሰፈሩን እየሮጠ የሚያዳርሰው እሱ ነው፤ ስሙም «መንገዱ» ሆኖ ቀረ። ታዲያ ማዘጋጃ ቤቱ ሰብስቦን ኮብልስቶን ይነጠፋል፣ የጎርፍ ቦይ ይቆፈራል፣ የውኃ ቦኖ ይተከላል ሲል እልልታው ባይቀልጥ ነበር የሚገርመው።

እናቴ ሻይ ቤት አላት። ሻይ ቤት ስል አንድ ክፍል፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ምድጃ ማለቴ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንኖረው በእሱ ነው። የምታፈላው እናቴ፣ የማቀርበው እኔ። «ኢንታላ፣ ሻይ!» ሲሉኝ፣ ልጅት ማለታቸው ነው፣ ትሪውን እንደ ጋሻ ደረቴ ላይ እይዛለሁ። ትሪ ይዤ በወንዶች መሀል ከማልፍ የቦርከናን ወንዝ ሙላት ብሻገር እመርጣለሁ። ዓይኔን ከመሬት ስለማላነሣ ደንበኞቻችንን የማውቃቸው በጫማቸው ነው።

ኢንጅነሩ መጣ። ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ ጫማው ቡናማ። ሜትሩን ዘርግቶ፣ አጥራችሁን እስከዚህ ታስጠጋላችሁ እያለ በመንገዱ ግራና ቀኝ ችካል አስመታ። የእኛ ከሻይ ቤቱ ደጃፍ አካባቢ ነበር። «እስክመለስ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ሄደ፤ ማንም አልነካውም።

ማግስቱ ግን የገበያ ቀን ነበር። እስቲ ፍረዱ፤ ከጨፋ ሮቢት በኩል ወይፈን እየጎተተ ለመጣ ሰው፣ መንገድ ዳር ጠብቆ የተመታ ችካል ምኑ ነው? «ማሻአላህ፣ ዘንድሮስ መንግሥት የከብት ማሰሪያ ተከለልን!» እያሉ አሰሩበት። አንዱማ ኮርማውን ደጃችን አስሮ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ማዘጋጃ ቤቱን መርቆ ነው የሄደው። ገበያው ሲበተን ችካሎቹ ከከብቶቹ ጋር ተበትነው ነበር። አንደኛው ከወይፈን አንገት ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ ጨፋ ሲሄድ ታይቷል አሉ።

ሰፈሩ ተሸበረ። ኢንጅነሩ ችካሉን ሲያጣው መንገዱን ለሌላ ሰፈር ቢሰጥብንስ? የሰፈሩን ጠብ የሚያበርዱት ሼህ ይማም ሰዉን ሰበሰቡና ሁሉም በየደጁ አዲስ ችካል ይትከል አሉ። የት ላይ? ጉድጓዱን ሁሉ ከብት ረግጦታል። «ስንዝር መሬት የሰው ሐቅ ነው» አሉ ሼህ ይማም። «ነገ አላህ ፊት ይጠየቁበታል። የተጠራጠረ ወደ ራሱ ግቢ ያስገባ።»

ምነው ይህችን ባልተናገሩ! ሐቅ በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። ሰው ሁሉ ተጠራጠረ። አንዱ የዶሮ ቤቱ በር ላይ ተከለ፤ ሼህ ይማም ራሳቸው ፓፓያቸው መሀል። ፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ ዘሀራ ማድ ቤታቸው ውስጥ ሲተክሉ እናቴ አየች። «ማሎ፣ እባክሽ ዘሀራ! ለእኔ ብለሽ ማድ ቤትሽን ልታፈርሺ?» ብላ የራሷን ነቅላ ሻይ ቤቱ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ መታችው። እትዬ ዘሀራ ሮጠው መጡ። «ወላሂ አይሆንም! አባት የሞተባትን የቲም እንጀራ ዘግቼ በየት በኩል ጀነት ልገባ ነው? ንቀይው!» «መጀመሪያ ያንቺን ንቀይ!» አለች እናቴ። ሌላው አገር ለመውሰድ ይጣላል፤ እነዚህ ለመስጠት አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ደረሱ። በመጨረሻ ሁለቱም ችካሎች ባሉበት ጸኑ።

ኢንጅነሩ ተመለሰ። ሜትሩን ዘረጋ፤ ሜትሩ አልቆ መንገዱ ተረፈ። ፕላኑን አየ፣ ችካሉን አየ፣ አግዳሚያችን ላይ ተቀመጠና ሳቀ። «ሌላ ቦታ ሰው መንገድ ውስጥ እየገባ ያስቸግረኛል፤ እዚህ መንገዱ ሰው ቤት ገባ!» ችካላችሁን መልሱ ቢል ማን ሰምቶት? ለሕዝብ የሰጡትን ሰደቃ እንዴት ይቀበሉታል? እናቴም «ሰጥቻለሁ» አለች፤ ጣቶቿ ግን የሻሿን ጫፍ ይጠመዝዙ ነበር። ኢንጅነሩም ለቢሮው ነግሬ ከጁምዓ በኋላ እመለሳለሁ አለ። ቢሮው ችካሉን ካጸደቀ ሻይ ቤቱ ፈራሽ ነው።

የጁምዓ ዕለት ሼህ ይማም ሰፈሩን በሙሉ ደጃችን አቁመው እጃቸውን ዘረጉ። «ያረቢ፣ የዚህችን የየቲም እናት ሻይ ቤት አትርፍላት!» «አሚን!» የሚለው ድምፅ አስፓልቱ ድረስ ተሰማ።

መልሱም መጣ። ማዘጋጃ ቤቱ ባዶውን መሬት ከምስጋና ጋር ተቀበለ፤ ቤት ግን አንቀበልም አለ። ሻይ ቤቱም ማድ ቤቱም ተረፉ። መንገዱ ተነጠፈ፣ ጎርፉ ቦይ ገባ፣ ባጃጅ እያፏጨ ደጃችን ድረስ መጣ። ትርፉ መሬት ደግሞ ትንሽ አደባባይ ሆነ፤ ቦኖ፣ የድንጋይ መቀመጫ፣ የኒም ዛፍ ጥላ። ዝናብ ካባራ በኋላ ድንጋዩ ሲያብረቀርቅ ብታዩት! መንገደኛ የማያየው ያ ሰፈር እኮ ነው።

ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ ከተማው ተጠራርቶ ይመጣል። ከባቲ የሚመለስ የግመል ነጋዴ ሳይቀር ጥላው ሥር ያርፋል። ያረፈ ሰው ደግሞ ሻይ ይጠጣል። የማንን ሻይ? አደባባዩ ላይ ያለው ሻይ ቤት አንድ ብቻ ነው። «ኢንታላ፣ አምስት ሻይ!» ከቦኖው በኩል። «ኢንታላ፣ እኛን ረሳሽን?» ከኒሙ ሥር። እናቴ ትስቃለች፤ ወፍራለች። እኔ የማላውቀው ጫማ በዛብኝ።

ሼህ ይማም ባዩኝ ቁጥር «አየሽ ልጄ፣ አላህ ሁላችንንም ሰማን» ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ያን ዕለት ሰፈሩ ሁሉ «አሚን» ሲል እኔ አላልኩም። በሆዴ «ያረቢ፣ እናቴን በሌላ ካሳትና ይኼ ሻይ ቤት ይፍረስልኝ» እያልኩ ነበር። ማንም አልነቃብኝም፤ የእኔ ዝም ማለት ማንን ይገርማል?