የጋሽ አካሉ ጆሮና የእኔ ፊያት

ሞተር ባለበት አገር ሁሉ «በጆሮዬ አስተካክለዋለሁ» የሚል መካኒክ አይጠፋም። መጽሐፍ አያነብም፤ መለኪያ ሲያሳዩት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። በአጠገቡ ደግሞ ኮፈን በተከፈተ ቁጥር አንገቱን አስግጎ «ትንሽ አልዘገየም?» የሚል ያልተጠራ አዋቂ አይታጣም። የባሕር ዳሩ መካኒክ ጋሽ አካሉ ነበሩ። አዋቂው እኔ ነኝ።

ሊቀ ሊቃውንት ዘሞተር ጋሽ አካሉ (ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ) የጣና ገዳም መሪጌታ ልጅ ናቸው። አባታቸው ዜማ ሊያስተምሯቸው ቢደክሙ፣ ልጅየው ጆሯቸውን ይዘው ጋራዥ ገቡ። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ተክለው እጀታውን ከጆሯቸው ያስጠጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ የተነፈሰ ወየውለት! «ዝም በሉ፣ እየነገረችኝ ነው!» ይላሉ። አንድ የመራዊ ሾፌር ቢያስነጥሰው ከግቢ አስወጥተውታል። የቁንዝላ ጀልባ በጣና ሲመጣ ከሩቅ ሰምተው «አንድ ካንዴላ ሞቶባታል» ይሉና ምሳቸውን ይቀጥላሉ።

እኔ የኮሌጅ መምህር ነበርኩ፤ የማስተምረውም ታሪክ ነበር። የፊያቴ የቀድሞ ባለቤት እሽቅድምድም ወዳድ ስለነበር፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት በእሽቅድምድም ካምሻፍት ለውጦታል። ጋሽ አካሉ ካሙንና እሳቱን፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭ የሚልበትን ቅጽበት፣ በጆሯቸው አስማምተው ሰጡኝ፤ መኪናዋም ልስልስ አለች። ምን ያደርጋል፣ እኔ የፋብሪካው መጽሐፍ ነበረኝ። መጽሐፉ «እሳቱ አሥር ዲግሪ ይቅደም» ይላል፤ ብለካው አሥራ ስምንት ሆነ። መጽሐፉ ላልተነካ ሞተር መጻፉን ማን ያስባል? እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያድለውን ዲስትሪቢውተር ፈትቼ ወደ አሥር አዘገየሁት። ካሙን ደግሞ ቁልፍ አጣሁለት እንጂ አልምረውም ነበር።

ዘመኑ 1970 ነው፤ በተጠረጠሩበት የሚጠፉበት። ቀበሌው ደጃፍ ስደርስ እግሬን ከቤንዚኑ ባነሳ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ጓ! ጓ! አለ። ደጃፉ ላይ ለስብሰባ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አግዳሚ ወንበር ሥር ገባ። ሲወጣ ተቆጥቶ ነበር።

«ሽጉጡን አምጣ!» አለኝ የአብዮት ጥበቃው ጓድ አስማማው፣ ጠመንጃውን ደረቴ ላይ ደግኖ።

«ሞተሩ ነው፤ እኔው ነኝ ያበላሸሁት።»

«የኮሌጅ መምህር የገዛ ሞተሩን ያበላሻል?»

አሰምቼ ላሳያችሁ ብዬ ባስነሣት፣ አንድም ጊዜ ጓ! ሳትል እንደ ጨዋ ልጅ ተነሣች። መኪናዋን በርብረው ሽጉጥ ሲያጡ «ወርውሮታል» አሉ። በዚያ ዓመት ከቀበሌ ወደ ሌላ ቦታ የተወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ አይመለስም ነበር።

ጋሽ አካሉ ድምፁን ከጋራዣቸው ሰምተው ኖሮ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። ደንበኞቻቸው ሾፌሮችም ተከተሉ። ዲስትሪቢውተሩን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ጓድ፣ መምህር ምን ያውቃል? ትናንት እሳቱን አዘግይቼ ያሰርሁት እኔ ነኝ። ጆሮዬ አረጀ መሰል፣ ተሳሳትሁ።»

ቤንዚኑን ሰጥተው ለቀቅ ሲያደርጉት ጓ! አሰኟት፤ ሕዝቡ ጎንበስ አለ። ከዚያ ዲስትሪቢውተሩን በጣታቸው ገፋ አድርገው ጸጥ አደረጓት። ጓድ አስማማው ጠመንጃውን አወረደ።

«ለምን እንደዚያ አሉ?» አልኳቸው ስንመለስ።

«እውነቱንማ አንተ ሞከርኸው፤ አልሠራም።»

ሾፌሮቹ ዓመት ሙሉ «አለቃ ተኩስ» እያሉ ቀለዱባቸው፤ አንዳንዶቹም ሌላ ጋራዥ ያዙ። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ጣታቸውን ወደ እኔ አልቀሰሩም። እኔ ደግሞ እዚያው ቆሜ አብሬ ሣቅኩ። እንደ አባቴ እወዳቸው ነበር፤ ይህንንም አልነገርኳቸውም። ስለዚህ የመራዊም የቁንዝላም ሾፌሮች ሆይ፣ ስሙኝ፤ እሳቱን ያዘገየሁት እኔ ነኝ።