ከግድግዳው ማዶ ያለው ተኩስ

ጭካኔም እንደ ማንኛውም ሙያ ደረጃ አለው። ይህን የምለው ጨካኝ ሆኜ አይደለም፤ እኔ ዝንብ እንኳ የማባርረው በሩን ከፍቼ፣ መውጫ አሳይቼ ነው። ነገር ግን ጣሊያኖች የሠሯቸውን የካውቦይ ፊልሞች ከወጣትነቴ ጀምሮ ስላየሁ፣ ስለ ጨካኞች ብጠየቅ ለመመስከር ብቁ ነኝ ብዬ አምናለሁ። የሚጠይቀኝ ግን የለም።

እስኪ እናንተ ፍረዱ። አንዱ አለ፤ ፈረሱን ስኳር ያጎርሳል፣ አንገቱን ያሻሻል፣ ከዚያ ዞር ብሎ መንደሩን በሙሉ ያቃጥላል። ሌላው ሰውየውን ከመግደሉ በፊት የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ይጠይቀዋል፤ ሲነግረውም «ቆንጆ ስም ነው» ይለዋል። ሌላው ደግሞ ምንም አይናገርም፤ ሰውን እስከ አንገቱ አሸዋ ውስጥ ይቀብርና ፊት ለፊቱ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ውሃ ይጠጣል። ከእነዚህ የትኛው ይብሳል? ጓደኛዬ አስፋው ስኳር አጉራሹ ነው ይላል። ለፈረስ የሚራራ ሰው ርኅራኄ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ እያወቀ ነው የሚያቃጥለው ይላል። እኔ ስም ጠያቂው ነው ባይ ነበርኩ። በዚህ ነገር ስንት ዓመት ተከራክረናል፤ ተኮራርፈንም እናውቃለን። አሁን አስፋው ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከተማው ዳር ገብቷል። አልፎ አልፎ ይደውላል፤ የምናወራው ግን ስለ ጉልበቱ ነው።

ሰው ተከራካሪ ሲያጣ ከራሱ ጋር ተከራክሮ ይረታል መሰለኝ፣ በቅርቡ ሐሳቤን ቀየርኩ። ከሁሉም የሚብሱት ሽጉጥ የታጠቀው እንግዳ ከተማው ሲገባ መስኮታቸውን ቀስ አድርገው የሚዘጉት ሰዎች ናቸው። አይታችኋቸው ይሆናል። ስም የላቸውም፣ ሽጉጥም የላቸውም። ሰው ደጃፋቸው ላይ ይጮኻል፤ እነሱ መጋረጃ ያስተካክላሉ።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰኝ የቤቴ በር ጉዳይ ነው። ከሸማ ተራ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻዬን ነው የምኖረው። ባለቤቴ ካረፈች ቆየች፤ ልጄ ሐዋሳ ናት፤ ፊልሞቹንም በፍላሽ አስጭና የላከችልኝ እሷ ናት። ሌባ ስለምፈራ በሬ ላይ ከውስጥ ሁለት መቀርቀሪያ አስገጥሜአለሁ። አንድ ቀን ሁለቱንም ቀርቅሬ ጋደም እንዳልኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሌባ የማይከፍተውን በር ሊረዳኝ የሚመጣ ሰውስ በምን ይከፍተዋል? እዚሁ ብወድቅ፣ እዚሁ ብቀር ማን ያውቃል? ክፍት ልተወው እንዳልል ሌባ አለ፤ ልዝጋው እንዳልል ሞት አለ። ሁለቱም ደግሞ አንኳኩቶ መግባት አያውቁም።

እንግዲህ ሰፈሩ ይፈተን አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፊልሜን ከፈትኩ። ጆሮዬ ስለሚከብደኝ ወትሮም ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ ያን ቀን ግን እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። ስም ጠያቂው ሥራውን ጀመረ። ተኩስ፣ ጩኸት፣ የሴት ልቅሶ። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ በሩን አያለሁ። አንድ ሰው «ምን ሆኑ?» ብሎ ቢያንኳኳ የምሰጠውን መልስ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ማን ይምጣ። ውጭ ጋሪ ያልፋል፤ ተሸካሚ «ዞር በሉ» ይላል፤ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ ጎረቤቴ ዘነበች ትወቅጣለች። ዘነበች ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ የምትሸጥ፣ የልጄ እኩያ የሆነች ሴት ናት። እንደ አባት ታየኛለች ብዬ አስብ ነበር። እኔ ቤት አንድ መንደር ሰው ሲያልቅ የእሷ ዘነዘና ለአፍታ እንኳ አላረፈም። መጋረጃ ማስተካከል ማለት ይኸው ነው።

ተቀየምኩ። ቴሌቪዥኑን ከተኩሱ መሃል ድርግም አደረግሁትና ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ።

ብዙም ሳይቆይ ዘነዘናው ቆመ። ቀጥሎ በሬ ተንኳኳ። እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ፤ ማን እንደሆነ ሳላረጋግጥ መልስ አልሰጥም። እንደገና ተንኳኳና የማላውቀው ጎርናና ድምፅ «ፋዘር፣ አሉ?» አለ። ከሌባ በቀር መኖር አለመኖሬን ማወቅ የሚፈልግ ማን አለ? ትንፋሼን ዋጥኩ። ይኼኔ ዘነበች «ወይኔ ጋሽ ታደሰ፣ ወይኔ አባቴ» ብላ እሪ አለች። የራሱን ለቅሶ በሕይወት ሳለ የሚሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ ለመናገር ያህል፣ ጥሩ አልቃሽ ናት። አለሁ ልላት አፌን ስከፍት በሩ በዘነዘና ተመትቶ ተሰነጠቀ፤ ሁለቱም መቀርቀሪያዎች ተነቅለው ወለሉ ላይ ወደቁ።

ዘነበች ዘነዘናዋን እንደያዘች፣ ከኋላዋ ጆንያ ሊያራግፍላት የመጣ አንድ ተሸካሚ ተከትሏት ገቡ። ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀምጬ ሲያዩኝ እሷ ደረቷን ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ምነው ጋሼ፣ ሊገድሉኝ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ያ ሁሉ ሰው ሲገደል ያልመጣሽ አሁን ምን አመጣሽ አልኳት።

«እሱማ በየቀኑ ይገደል የለ?» አለች። «መጀመሪያ ፉጨት አለ፣ ከዚያ የፈረስ ኮቴ፣ ከዚያ ተኩስ። መጨረሻ ላይ ያ ክፉው ሲሞት እርስዎ ‹እሰይ› ይላሉ፣ ይስላሉ፣ ያጠፋሉ። ዛሬ እሱ ሳይሞት ጭጭ አለ። ታዲያ የሞቱት እርስዎ ነዎት አልኩ።»

ተሸካሚው በበኩሉ አክተሩ ተርፎ እንደሆነ ጠየቀኝ። ፊልሙን አንድ ቀን እንኳ ያላየች ሴት በኮምፔንሳቶ በኩል ከእኔ አስበልጣ ታውቀዋለች። ከአስፋው ወዲህ ፊልሞቼን እንዲህ የተከታተለልኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። የመቀርቀሪያዎቹን ብሎን መልቀም ያዝኩ።

አናጢው ሰኞ እመጣለሁ አለ። ዘነበች በሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ ብላ ለእሑድ ምሳ ጠራችኝ። የተሰነጠቀ በር ከውጭም አይቆለፍም፤ ስለዚህ ሌባ ሰው አለ ብሎ እንዲያልፍ ፊልሜን ከፍቼ፣ ድምፁን ለቅቄ ሄድኩ። እሷ ቤት የጋራ ግድግዳችንን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ከሌላ ሰው ጋር ከአንድ ትሪ ከበላሁ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ እያሰብኩ የመጀመሪያውን ጉርሻ እንዳነሳሁ፣ ከማዶ ፉጨቱ ተሰማ፤ ፈረሱ መጣ፤ ተኩሱ ተጀመረ።

ዘነበች ሽሮ እየጨመረችልኝ ነበር። ጭልፋዋን ይዛ ለአፍታ ወደ ግድግዳው አዳመጠችና እንደ ልማዷ ለራሷ ያህል «ተመስገን» አለች፤ «ጋሼ ዛሬም ደህና ናቸው።»