በጠመኔ የተቆጠረ ዳንቶ

መምህር የሆነ ሰው ጭፈራ ባለበት ሰፈር ባያልፍ ይመረጣል። ዝም ብሎ ማየት አይችልማ! ሰው ሲስቅ ካየ ለምን እንደሳቀ ማስረዳት ያምረዋል፤ ሰው ሲጨፍር ካየ ደግሞ... እሱን ነው የማወጋችሁ።

ሀርጌሳ ገና ከፍርስራሿ እየተነሳች ነው። እኔ በምኖርበት በኮድቡር ሰፈር ግማሹ ቤት ጣሪያ ይጠብቃል፤ መንገድ ዳር የተከመረው ቆርቆሮ ደግሞ ቤት ይጠብቃል። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አጠገብ ሰፈሩ ያደሰው አንድ አዳራሽ አለ። ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት የሰፈር ሰዎች እዚያ ዳንቶ ይለማመዳሉ። ዳንቶ ማለት (መቼም ሳላስረዳ አላልፍም) ወንዶችና ሴቶች ትይዩ ተሰልፈው፣ እያጨበጨቡ፣ በግመል አረማመድ እየተወዛወዙ የሚጨፍሩት የሱማሌ ጭፈራ ነው። ግጥሙ እዚያው ይፈጠራል። እዚህ ቡድን ውስጥ ደግሞ በግጥም የተጠራ ሰው መሀል ገብቶ መጨፈር ግዴታው ነው። ይህቺን ሕግ ያዙልኝ።

የቡድኑ መሪ ሀሊሞ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ጅጅጋ በስደት ኖራ አማርኛችንን ከነስድቡ ተምራለች። አንድ ቀን ፊቷ ጠቆር ብሎ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«ሽማግሌዎቹ አዳራሹን የሲሚንቶ መጋዘን ሊያደርጉት ነው፣ ማዓሊን።» ማዓሊን መምህር ማለት ነው። «ዝናብ ሳይመጣ ሲሚንቶው መጠለል አለበት አሉ። ሐሙስ መጥተው ያዩናል። ደስ ካላቸው አዳራሹ የእኛ፣ ካላላቸው የሲሚንቶው።»

«ሌላ ቦታ ብትፈልጉስ?»

«የት? ሴቶቹን ሜዳ ላይ ጨፍሩ ብል ቤተሰባቸው አይለቃቸውም። ያኔ ቡድኑ አለቀለት።»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት... «አይዞሽ፣ እኔ መልክ አስይዛችኋለሁ» አልኳት።

እንደኔ ግምት ችግራቸው ሥርዓት ማጣት ነበር። አንዱ በግራ እግሩ ይጀምራል፣ ሌላው በቀኙ። ሀሊሞ ደስ ሲላት ሦስት ጊዜ ትዞራለች፣ ሲከፋት አንዴ። እናም ጠመኔዬን ይዤ ሄድኩና የአዳራሹን ወለል በቁጥር ሞላሁት። ለእያንዳንዱ ሰው ከአንድ እስከ ስምንት፤ የወንዶቹ በነጭ፣ የሴቶቹ በቢጫ። መሄጃ ቀስት አለው፣ መመለሻ ቀስት አለው።

ሲሚንቶውን ከበርበራ የሚያመላልሰው የአገሬ ልጅ፣ ሾፌሩ ጋሽ መኮንን፣ በር ላይ ቆሞ ወለሉን አየ።

«ልጄ፣ ይሄ ጭፈራ ነው ወይስ የመኪና ማቆሚያ?»

«ሥርዓት ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ ሥርዓት ባለው መንገድ ነድቼ አላውቅም። ይኸው ግን በርበራ ደርሼ እመለሳለሁ።»

ንቄ አለፍኩት። በአራት ቀን ውስጥ አሥራ ሁለቱም እንደ አንድ ሰው መንቀሳቀስ ጀመሩ። እርግጥ ማንም ፈገግ አይልም፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ቁጥር ያነባል። እኔ የጥሩ ተማሪ ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ወንበር ወንበራቸውን ያዙ። እኔም ከኋላቸው ኩራቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወለሉን አየሁት... የተከበረ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ሴቶቹ በጠዋት አጥበውታል። በሳሙና። ያብለጨልጫል። አንዲት ቁጥር አልተረፈችም።

ጭብጨባው ተጀመረ። አሥራ ሁለት አንገት አቀረቀረ። አንዱ ተራመደና ቆመ። ሁለቱ ተጋጩ። አንዷ ቢጫ አምስቷን ፍለጋ ግድግዳ ድረስ ሄደች። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሐጂ ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው «ምን ጠፍቷቸው ነው?» ሲሉ ሰማሁ።

«መርፌ ይሆናል» አሉ ጎረቤታቸው።

አላዋቂ ሳሚ... ተረቱን እናንተው ጨርሱት፤ እኔ አፍራለሁ። ሀሊሞ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ አዳራሹን ከእጇ የወሰድኩባት እኔ መሆኔን ይናገራል። ከዚያ ድምጿን አንስታ ገጠመች። ትርጉሙ ወደዚህ ይጠጋል፦ «ማዓሊን ግመላችንን ቁጥር አስተማራት፤ ግመሏም መራመድ ረሳች። ና ማዓሊን፣ ገብተህ ቁጠርላት።»

ሕጓን ይዛችሁልኛል? ተጠራሁ። ገባሁ።

ዳንቶ እግር ነው። እኔ ደግሞ ከአገሬ ይዤ የመጣሁት ትከሻ ብቻ ነው። እግሬ በድንጋጤ እዚያው ተተከለ፤ ትከሻዬ ብቻውን መንገድ ጀመረ።

«ሞተሩ ይሠራል» አለ ጋሽ መኮንን ከበሩ፣ «ጎማው ነው የማይዞረው።»

ሀሊሞ ለሱማሌዎቹ ተረጎመችላቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መቼም አቀርቅሮ የሚስቅ ሰው የለም፤ አሥራ ሁለቱም አንገት ቀና አለ። ያኔ እግራቸው፣ ጠባቂ ሲያጣ፣ የሚያውቀውን አስታወሰ። አንዱ በግራ ጀመረ፣ ሌላው በቀኝ። ሀሊሞ አራት ጊዜ ዞረች (ቆጥሬያለሁ)። ሐጂ ምርኩዛቸውን ጎረቤታቸው ጭን ላይ አስቀምጠው ያጨበጭቡ ነበር።

ሲያበቃ ተነሱ። «አዳራሹ የእነሱ ነው» አሉ። «ጠመኔ ግን እንዳይገባበት።»

«ሲሚንቶውስ?» አለ ጋሽ መኮንን። መኪናው ደጅ ላይ እንደተጫነ ቆሟል።

ሐጂ ዙሪያቸውን ቃኙና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ሁለት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እንደምኖር ኮድቡር ሁሉ ያውቃል።

ይኸው ይህን የምጽፍላችሁ በሲሚንቶ ተከብቤ ነው። ጠመኔዬንም ሥራ አላስፈታሁት፤ ኩንታሎቹን አንድ በአንድ ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደነሱ ያለ ጨዋ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም። ካሰለፍኳቸው ቦታ ንቅንቅ የለም።