ለዳማ እግር የተተከለ ድንኳን

እዚህ አገር ሰው በደህና ቀን አይመሰገንም። ስማችሁ በመልካም ሲነሳ መስማት ካማራችሁ መሞት አለባችሁ... ያኔ ደግሞ ጆሮ የላችሁም! እኔ ግን ሰምቻለሁ። ሳልሞት። በፈረስ እግር ምክንያት።

ባለቤቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። ትቶልኝ ከሄደው ሁሉ ድምፅ ያለው ዳማ ብቻ ነው፤ ፈረሱ። ጠዋት ጠዋት ሲያሽካካ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለኛል።

የወልቂጤ ክረምት ግን ለፈረስ አይራራም። በረቱ ጭቃ ሆነ፤ የዳማ እግር ከሰኮናው በላይ ቀላ፣ ቅርፊት አወጣ፣ ተሰነጠቀ። ማነከስ ጀመረ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዘርጋ ከአገና መጥቶ አየና ፈረደ።

«ይሸጣል! ሴት ብቻዋን ፈረስ አትይዝም። ቅዳሜ መጥቼ ገበያ እወስደዋለሁ።»

ምን ላድርግ? አጠብኩት። ጠዋት በሳሙና፣ ማታ በሳሙና። የጸሎተ ሐሙስ እግር አጠባ በዓመት አንዴ ነው፤ በእኔ ግቢ በቀን ሁለቴ ሆነ። ባሰበት!

የእንስሳት ሐኪሟ መጣችና «እትዬ፣ ይህን እግር እንዲህ የሚያጥበው ማነው?» አለች። የምታመሰግነኝ መስሎኝ «እኔ ነኛ!» አልኩ።

«እንግዲያው ይተዉት! ቆዳውን የሚያሳሳው እርጥበቱ ነው። ጭቃው ሲደርቅ በብሩሽ ያራግፉለት።» ፀጉሩን አሳጠረች፣ ቅርፊቱን በመድኃኒት አለስልሳ አነሳች፣ አደረቀችው፣ ቅባት ሰጠችኝ። «ዋናው ግን ደረቅ ቦታ ይቁም።»

ደረቅ ቦታ! በሐምሌ! ሳሎኔን አሰብኩ፤ ዳማ በሩን አይቶ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ የዕድራችን ድንኳን ትዝ አለኝ።

«ለፈረስ?» አለ ዕቃ ጠባቂው ጋሽ ሽኩር። «ወላሂ፣ ጆሮዬ ይህን ሰምቶ አያውቅም።»

«ዕድርተኛው ባለቤቴ ነበር። ፈረሱም የእሱ ነው።»

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አወጣ። «ውሰጂው በቃ። እሱም ሊሻግት ነው፤ ንፋስ ያገኛል።»

አርብ ከሰዓት ተተከለ። ካስማዎቹ የገቡት ያኔ ለባለቤቴ በተቆፈሩት ጉድጓዶች ውስጥ ነው፤ ገና አልተደፈኑም ነበር። ቆሜ አየኋቸው... ከዚያ የደረቀ የእንሰት ቅጠል አነጠፍኩ፣ ዳማን አስገባሁት፣ መጋረጃውን ዘጋሁ።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። በእኛ ሰፈር ድንኳን ያየ ሰው «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል!

ቅዳሜ ጠዋት ጓዳ ሆኜ ቅባቱን ስፈልግ ግቢው በለቅሶ ተናወጠ። ማን ሞቶ ይሆን ብዬ እኔም ነጠላዬን አነሳሁ። ለካ የሞትኩት እኔው ኖሬአለሁ! በዚህ ቤት ከእኔ ሌላ የሚሞት ሰው የለማ።

ከሁሉ በላይ የሚሰማው የጋሼ ዘርጋ ድምፅ ነው። ፈረሱን ሊወስድ መጥቶ፣ ድንኳኑን ከሩቅ ሲያይ ሮጦ ነው የገባው።

«እህቴን! ሳልሰናበታት! ምን የመሰለች ሴት! ይህን ፈረስ እንደ እሷ የሚይዝ ወንድ ከየት ይገኛል!»

በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ላስቆመው ይገባኝ ነበር... እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጣመኝ። ነገሩን የሚያውቀው ጋሽ ሽኩርም አጥሩን ተደግፎ ይስቃል እንጂ አላስቆመውም።

ጋሼ ዘርጋ ደረቱን እየመታ መጋረጃውን ገለጠ። ዳማ በደረቅ እግሮቹ ቆሞ የተነጠፈለትን ቅጠል ያኝካል።

«እንደምን አደርክ ጋሼ?» አልኩት ከኋላው።

ዘወር አለ... ጮኸ... አቀፈኝ። ከዚያ ልክ ልኬን ነገረኝ። ሲበርድለት ጉሮሮውን ጠራረገና «እና... ፈረሱስ?» አለ።

ጋሽ ሽኩር ቀደመኝ። «ወንድሜ ዘርጋ፣ እንደ እሷ የሚይዘው ወንድ ከየት ይገኛል ብለሃል። ሰፈሩ ሁሉ ምስክር ነው።»

ለቀስተኛው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ።

የዳማ እግር ለመዳን ሳምንታት ፈጀ፤ ዛሬ ግን አያነክስም። ጠዋት ጠዋትም ያሽካካል። ጋሼ ዘርጋ ያን ቀን ባዶ እጁን ወደ አገና ሲመለስ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ።

«ሁለተኛ ስትሞቺ አላለቅስልሽም!»

ግድ የለም። የምፈልገውን ሰምቻለሁ።